ስድስት ዘፈን አለኝ፤ ለቻናል ልሽጠው ወይስ በስሜ ልልቀቀው?

መሰንቆ_ከማራኪ | ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ማታ ማታ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቤት መሰንቆ እየመታሁ እዘፍናለሁ፤ በጥርና በሚያዝያ ደግሞ ከሰርግ ቤት አልጠፋም።

ምክር የምጠይቃችሁ ስላሉኝ ስድስት ዘፈኖች ነው። ሁሉም ተቀድተው፣ ተቀናብረውና ማስተር ተደርገው አልቀዋል። ለስቱዲዮ፣ ለአቀናባሪና ለግጥም የከፈልኩት ከሁለት ዓመት የሰርግ ገቢ ያጠራቀምኩትን ነው። በገና ሰሞን አዲስ አበባ የሚኖር የአንድ ዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ደውሎ፣ ለስድስቱም በአንድ ጊዜ 60,000 ብር ከፍሎኝ ዘፈኖቹ የእርሱ እንዲሆኑ ጠየቀኝ። በቴሌግራም በላከልኝ ውል ውስጥ «አሁን ባለና ወደፊት በሚፈጠር በማናቸውም መንገድ፣ ያለ ጊዜ ገደብ» የሚል ሐረግ አለበት። ጓደኞቼ ደግሞ ዘፈን ተቀብሎ ወደ ማዳመጫ መተግበሪያዎች በሚያስተላልፍ ድርጅት (አከፋፋይ) በኩል በራሴ ስም ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ላይ እንድጭንና የራሴን የዩቲዩብ ቻናል እንድከፍት ይገፋፉኛል።

የማመነታው ከዚህ በፊት ስለተነካሁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ነጠላ ዜማ ስሙን ለማልጠቅሰው ሌላ ቻናል በ8,000 ብር ሰጥቼ ነበር። ዘፈኑ ተወደደ፤ ባጃጁም ሚኒባሱም ይከፍተው ጀመር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ በቆየበት ጊዜ፣ የራሴን ዘፈን ስንት ሰው እንዳየው የሚነግረኝ ከአዲስ አበባ የሚደውል የአክስቴ ልጅ ነበር። አገልግሎቱ ተመልሶ ስከፍተው ከ900,000 እይታ አልፏል። ከመጀመሪያው ብር በኋላ ግን አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም፤ ብጠይቅም የሚመልስልኝ አጣሁ። ይሁን እንጂ ከደብረ ታቦርና ከመተማ ድረስ ለሰርግ የጠሩኝ ሰዎች ያንኑ ክሊፕ አይተው ነው። እንግዲህ ተጎዳሁ ልበል ወይስ ተጠቀምሁ?


ስቱዲዮ_አዘዞ | ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። አዘዞ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፤ ላለፉት ስድስት ዓመታትም የደንበኞቼን ሥራ በአከፋፋይ በኩል ስጭን ቆይቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ሰዎች «ስፖቲፋይ ለአንድ ማዳመጥ ይህን ያህል ይከፍላል» ሲሉ የተቆረጠ ዋጋ ያለ ያስመስሉታል፤ እንዲህ ያለ ዋጋ የለም። ኩባንያው ከአባልነት ክፍያና ከማስታወቂያ ካገኘው ገቢ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለመብት ባለቤቶች ይመድባል፤ ከዚያም በየአገሩ በወሩ ውስጥ ከተደመጠው ሁሉ የእያንዳንዱ ዘፈን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተሰልቶ ገንዘቡ ይከፋፈላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የጎንደር ልጅ ወሩን ሙሉ ያንተን መሰንቆ ብቻ ቢያዳምጥ እንኳ፣ የከፈለው ብር ወደ አንተ ብቻ አይመጣም፤ ፈጽሞ ካልሰማቸው የአሜሪካ ታላላቅ ዘፋኞች ጋር ከአንድ ጋን ነው የምትቀዱት። ሳውንድክላውድ የተባለው ሌላ የሙዚቃ ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ2021 የእያንዳንዱን አድማጭ ገንዘብ ለሰማቸው ሰዎች ብቻ የሚያካፍል አሠራር ጀምሯል፤ ለእንዳንተ ዓይነቱ፣ ጥቂት ግን ታማኝ አድማጭ ላለው ሰው የሚሻለው ይህ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ ሰው ብዙም የሚያዳምጥበት ቦታ አይደለም።

ከ30 ሰከንድ በታች የተሰማ ዘፈን አይቆጠርም። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ስፖቲፋይ ላይ ምንም አይከፈለውም። የስድስት ደቂቃ ዘፈንና የሁለት ደቂቃ ዘፈንም እኩል እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ በዚህ ምክንያት በየስቱዲዮው መግቢያ ማሳጠር፣ አዝማቹን ማስቀደምና ዘፈኑን በሦስት ደቂቃ መጨረስ ተለምዷል። እኔ ግን የመሰንቆ መግቢያ ያለውን ትዝታ ቁረጠው ብዬ ማንንም መክሬ አላውቅም፤ ስለዚህ የተቀየመኝ ደንበኛም አለ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በልምድ እንደሚጠቀሰው አማካኝ ለ1,000 ማዳመጥ 4 ዶላር ያህል ይገኛል ብንል፣ ዶላሩንም በ125 ብር ብናስበው፣ 60,000 ብር ማለት 480 ዶላር ነው። ይህን ለማግኘት ስድስቱ ዘፈኖች በድምሩ 120,000 ጊዜ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 20,000 ጊዜ መደመጥ አለባቸው። አፕል ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2021 አማካኝ ክፍያው ለአንድ ማዳመጥ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል መሆኑን ለሙዚቀኞች በጻፈው ደብዳቤ ስለገለጸ፣ አድማጮችህ እዚያ ከበዙ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል። አድማጩ አገር ውስጥ ከሆነ ግን የአባልነቱም የማስታወቂያውም ዋጋ ዝቅተኛ ስለሆነ ከዚህ እጅግ ያነሰ ትጠብቃለህ።

በዩቲዩብ የራስህን ቻናል ከፍተህ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በመደበኛው መንገድ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልግሃል። እያንዳንዱ ተመልካች ሦስት ደቂቃ ይቆያል ብንል 80,000 እይታ ማለት ነው። ያ ያለፈው ዘፈንህ ያንተ ቻናል ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ከአሥር ጊዜ በላይ ይሞላው ነበር። ሳሰላው እኔንም አመመኝ።


የካሴት_ዘመን | ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ፒያሳ ላይ ለሃያ ዓመታት ያህል ካሴት ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝና ነገሩን ከሌላው ወገን ላሳይህ።

በእኛ ጊዜ አሳታሚው ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፍልና ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ይወስዳል። ዘፋኙ ከዚያ ወዲያ ካሴቱ መቶ ሺህ ቢሸጥም ድርሻ የለውም። ይህን ዛሬ የሚሰማ ወጣት ሁሉ አሳታሚውን ሌባ ይለዋል። ነገር ግን ያ ሰው ባዶ ካሴት በገንዘቡ ይገዛል፣ ሽፋን ያሳትማል፣ በአውቶቡስ ጭኖ እስከ ጎንደር ይልካል፤ ካልተሸጠ ደግሞ ካርቶኑ እኔ መደርደሪያ ሥር አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ከአምስት ካሴት አራቱ እንዲያ ነበሩ። ስለዚህ ላልታወቀ ድምፃዊ አንድ ጊዜ መከፈል ግፍ ብቻ አልነበረም፤ ኪሳራውን ሌላ ሰው ይሸከምለት ነበር።

አሁን ያ የቻናል ባለቤት ምን ይሸከማል? ካርቶን የለው፣ የአውቶቡስ ጭነት የለው፤ ዘፈኑ ባይታይ የሚጎድልበት ያው የሰጠህ ብር ብቻ ነው። ዋጋው የካሴት ዘመን ዋጋ፣ ኪሳራው ግን የካሴት ዘመን ኪሳራ አይደለም። የምቃወመው ይህን ነው እንጂ ገንዘብ በእጅህ መግባቱን አይደለም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ 60,000 ብር ለአንድ መሰንቆ መቺ ትንሽ ገንዘብ አይደለምና አዘዞ ያለችው እኅታችን ሒሳብ አያጣድፍህ። ሃያ ሺህ ጊዜ የሚያዳምጠው ሰው ከየት እንደሚመጣ ቀድመህ አስብ።

«ያለ ጊዜ ገደብ» የሚለውን ግን አትፈርም። ምክንያቴን በአንድ ሰው ታሪክ ልንገርህ። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ አባል ሆኖ አሜሪካ ከሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ መድረኩን ትቶ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እዚሁ ጎረቤታችን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተዋውሎ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም እንደገና መድረክ ላይ ወጥቶ ዓለምን ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። ያ ካሴት ሃያ ስምንት ዓመት ተኝቶ ሲነሣ፣ ፈላጊው ደውሎ የተዋዋለው ከራሱ ከሙዚቀኛው ጋር ነበር። አንተ ዛሬ ያለ ገደብ ከፈረምህ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ስልኩ የሚጮኸው አንተ ዘንድ አይሆንም።

እኔ አሁን የቀረኝ ሥራ ፍላሽና ሚሞሪ መሙላት ነው። ለሾፌሮች ሁለትና ሦስት መቶ ዘፈን እጭናለሁ፤ ከዚያ ለዘፋኞቹ የሚደርስ ምንም ነገር የለም። ይህን የምናገረው ራሴን ንጹሕ አድርጌ ሌላውን እንዳልወቅስ ነው።


ከፖቶማክ_ማዶ | ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ ቀበሌ 18 ነው፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአድማጮቹን ወገን ወክዬ ልጻፍ።

እኛ እዚህ ሥራ ስንሄድ መኪና ውስጥ የምንከፍተው ስልካችን ላይ ያለውን ነው። የእኔ ትውልድ ዩቲዩብ ይከፍታል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ደግሞ ስፖቲፋይና አፕል ላይ ከሌለ ዘፈኑ የተፈጠረ አይመስላቸውም። ስለዚህ ሁለቱም ቦታ መገኘት አለብህ። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ዩቲዩብ በውጭ አገር የሚኖሩ ባለቻናሎች ከአሜሪካ ተመልካች ከሚያገኙት ገቢ ላይ የአሜሪካን ግብር ይቀንሳል፤ የግብር ስምምነት ለሌለው አገር ነዋሪ 30 በመቶ ነው። የግብር ቅጹን ጨርሶ ያልሞላ ሰው ደግሞ ከአሜሪካ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ከዓለም ዙሪያ ካገኘው ገቢ እስከ 24 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል። ለአበሻ ዘፋኝ ትልቁን ገንዘብ የሚያመጣው የአሜሪካ ተመልካች ስለሆነ፣ ይህ ቅጽ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ብዙ ዘፋኞች የዶላር ካርድ ስለሌላቸው መለያውን በውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም ያስከፍታሉ። እኔም ለወንድሜ ከፍቼለት ነበር። ገንዘቡ በእኔ ስም ስለሚገባ ግብሩ በእኔ ላይ ተቆጠረ፤ እርሱ በበኩሉ ወር በመጣ ቁጥር «ስንት ገባ?» እያለ ይደውል ጀመር። ከተከፈለው ገንዘብ ይልቅ ቅሬታው በዛ። ዛሬ በየሦስት ወሩ የሒሳቡን ገጽ ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ፤ የይለፍ ቃሉንም ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከዘመድህ ጋር ብትጀምር ይህን በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ መጠራጠር እንዳይመስላችሁ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ ያቺው 20 ዶላር በብር ሲታይ ከእጥፍ በላይ ሆናለች። አንዳንድ ዘፋኞች ገቢያቸው ያደገ መስሏቸው ሲደሰቱ አያለሁ፤ አድማጫቸው ግን ያው ነው።

በመጨረሻም በቴሌግራም «10,000 ስትሪም (ማዳመጥ) በዚህ ዋጋ» እያሉ የሚሸጡትን አትጠጋ። ስፖቲፋይ ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ አብዛኛው ማዳመጥ የሐሰት ሆኖ ለተገኘ ዘፈን አከፋፋዩን በወር 10 ዩሮ ያስከፍላል፤ አከፋፋዩ ደግሞ ቅጣቱን ወደ አንተ ያስተላልፋል፤ አልፎ ተርፎም ዘፈኑን ያወርደዋል።


ባጃጅ_ነጂ | ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሁላችሁንም ትምህርት በአክብሮት አነበብሁ። ይሁንና እኔና ጓደኞቼ ዳታ ገዝተን ዘፈን አንከፍትም፤ ከቴሌግራም አውርደን ወይም ሚሞሪ አስሞልተን ነው የምንሰማው። ወንድማችን በስሙ ቢለቅቅም ባይለቅቅም ዘፈኑ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ እንደሚገኝ ይወቀው። የሚጠቅመው ከዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ስሙን በግልጽ ቢጠራ ነው፤ ተሳፋሪ «ይህ ማነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ መልስ የለኝም።


መሰንቆ_ከማራኪ | ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እኅቴ፣ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባጃጅ ነጂው የሰጠኝን ምክር አዝማሪ አባቴ ከነገረኝ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ስምን በግጥም ውስጥ መክተት የጥንት ልማዳችን ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ከስድስቱ ዘፈኖች ሁለቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ አይደሉም፤ ዜማቸው ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ የጎንደር የሰርግ ዜማ ነው፤ ግጥሙን ብቻ አሳድሼዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን የሕዝብ ዜማ ዘፍኖ ሲለቅቅ «የሌላ ሰው ንብረት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ከዩቲዩብ ደረሰው፤ ለካስ ሌላ ዘፋኝ ያንኑ ዜማ ቀድሞ አስመዝግቦት ነበር። ከአዝማሪዎቹ መንደር ከቡርቧክስ የመጡ አዝማሪዎች ሁሉ የሚዘፍኑት ዜማ እንዴት የአንድ ሰው ንብረት ይሆናል?

ሁለተኛው የስም ችግር ነው። ለሙከራ ስሜን ስፈልገው በእኔና በአባቴ ስም የሚጠሩ ሦስት ዘፋኞች አገኘሁ፤ አንደኛው መዝሙር የሚዘምር ነው። የእኔ ዘፈን በእርሱ ገጽ ላይ ቢገባ ሁለታችንም መከራ ልናይ ነው።


የሕግ_ተማሪ_ነበርሁ | ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕግ ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። የምጽፈው አጠቃላይ ማብራሪያ ነው፤ ውል ከመፈረምህ በፊት ጠበቃ ማማከርህ አይቀሬ ነው።

በእኛ አገር ጉዳዩን የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር እንጂ ሲመዘገብ አይደለም። በአንድ ዘፈን ውስጥ ከአንድ በላይ መብት እንዳለ ልብ በል፤ የግጥሙ ደራሲና የዜማው ደራሲ የቅጂ መብት አላቸው፤ ይህም በሕይወት እስካሉና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የዘፋኙና ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው መብት ደግሞ ተዛማጅ መብት ይባላል፤ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አንተ ዘፈኖቹን በራስህ ገንዘብና ኃላፊነት ስላስቀዳህ ዘፋኝም አዘጋጅም ነህ። የቻናሉ ባለቤት በ60,000 ብር ሊገዛህ የፈለገው እነዚህን ሁለቱንም መብቶች ነው፤ የሚያቀርበው ግን የአንዱን ያህል ዋጋ አይመስለኝም።

መሸጥና ማከራየት የተለያዩ ናቸው። «ይህን ቅጂ በዚህ ቻናል ላይ ለሁለት ዓመት ታሳያለህ» የሚል ፈቃድ ብትሰጠው ገንዘቡንም ታገኛለህ፣ ባለቤትነቱም አይጠፋብህም። ዩቲዩብን፣ ስፖቲፋይን፣ የጥሪ ማሳመሪያንና የሰርግ መድረክን በየስማቸው ለይታችሁ ጻፉ፤ ያልተጻፈው የአንተ ሆኖ እንደሚቀር ውሉ በግልጽ ይናገር።

ስለ ሕዝብ ዜማው የጠየቅኸው ተገቢ ጥያቄ ነው። ዜማው የማንም የግል ንብረት አይሆንም፤ ያንተ ሊሆን የሚችለው ያንተ ቅጂ፣ ያንተ ቅንብርና የጨመርኸው ግጥም ነው። የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ሥርዓት አዲስ የሚጫነውን ባለመብቶች ካስገቡት ሥራ ጋር የሚያመሳክር መሣሪያ ነው፤ ብቸኛ ባለቤት ያልሆኑበትን ነገር በእርሱ ማስመዝገብ በደንቡ የተከለከለ ነው። ጓደኛህ ተቃውሞ ማቅረብ ይችል ነበር፤ ከሳሹ በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ክሱ ይነሣል፤ ተቃውሞው በአምስት ቀን ውስጥ ከቀረበ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተገኘው ገቢ ለማንም ሳይከፈል ይያዛል። አንተም ሁለቱን የሰርግ ዜማዎች በኮንቴንት አይዲ አታስመዝግብ፤ ነገ የጎረቤትህን መሰንቆ የምትከስስ አንተ እንዳትሆን።


ስቱዲዮ_አዘዞ | ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለ ስሙ ልመልስ። የውጭ አከፋፋዮች ቅጽ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ስለሚወስድ በእኛ አገር የሚመሳሰሉ ስሞች ይበዛሉ፤ ስለዚህ ዘፈኑ ሳይጫን የራስህን አዲስ የአርቲስት ገጽ እንዲከፍቱልህ ጠይቅ፤ ወይም መለያ የሚሆን የመድረክ ስም ጨምር። የላቲን ፊደል አጻጻፉን አንድ ጊዜ ወስነህ አትቀይረው። የዘፈኑን ርእስ በአማርኛ ስትጽፍም አስብበት፤ አንዱ በ«ሠ» ሌላው በ«ሰ» ሲፈልግ ስልኩ እንደ ሁለት ቃል ያየዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ያልተገኘ ዘፈን አውቃለሁ።

እያንዳንዱ ቅጂ ባለ 12 ሆሄ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አይኤስአርሲ ይባላል። አከፋፋይ ብትቀይር ይህንኑ ቁጥር ይዘህ ሂድ፤ አለዚያ የተቆጠረልህ ሁሉ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። በየዓመቱ የሚከፈልባቸው አከፋፋዮች እንዳሉ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አስከፍለው ከገቢው 9 በመቶ የሚወስድም አለ። ዓመታዊውን መክፈል ስታቆም ዘፈኑ ሊወርድ ይችላል። የኢንተርኔት መቋረጥ ባለበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ እንዲያው የቅጽ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ የማሳደሻው መልእክት ሳይደርሰው ዘፈኖቹ ወርደውበት፣ ፋይሉን በፍላሽ አድርገን በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልከን እንደገና አስጭነናል።


ግጥም_ጸሐፊዋ | ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ሁሉ ሳነብ ስለ ግጥምና ዜማ ደራሲ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ አዘንሁ። ለጎንደርና ለባሕር ዳር ዘፋኞች ግጥም ስጽፍ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በካሴቱም ዘመን፣ በቻናሉም ዘመን የሚከፈለኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ለውጡ ለዘፋኙ እንጂ ለእኔ አልደረሰም። ከአከፋፋይ የሚመጣው ገንዘብ የቅጂው ገንዘብ ነው፤ የግጥሙና የዜማው ድርሻ በሌላ መንገድ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግን ሰብስቦ ወደ እጄ ያመጣልኝ አካል እስካሁን አላጋጠመኝም።

መሰንቆ ከማራኪ፣ ለግጥሙ የከፈልከው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሆኖም አንዳንድ አከፋፋዮች ገቢውን በመቶኛ ከፋፍለው ለየአንዳንዱ በቀጥታ የሚልኩበት አሠራር አላቸው። ለግጥም ጸሐፊህ 10 በመቶ ብትመድብለት ምናልባት በዓመት የአንድ ምሳ ዋጋ ይሆን ይሆናል። ቢሆንም ስሙ ከዘፈኑ ጋር ተጽፎ ይኖራል፤ እኔ ስንት ዘፈን እንደጻፍሁ ብትጠይቁኝ የማሳያችሁ ደብተር እንጂ ገጽ የለኝም።


መሰንቆ_ከማራኪ | የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአንድ ወር በላይ ጠፍቼ ቆየሁ፤ የጥር ሰርግ እስኪያልቅ ፋታ አላገኘሁም፤ አሁን ዐቢይ ጾም ስለገባ ቁጭ ብዬ የሆነውን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ለቻናሉ ባለቤት ደውዬ «ሙሉውን አልሸጥም፤ ሁለቱን ለሁለት ዓመት ላከራይህ» አልሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ «አንተ ማነህ?» የሚል ዓይነት ሳቅ ነበር። ከሳምንት በኋላ ራሱ ደወለ። ሁለት ዘፈን፣ በእርሱ ቻናል ላይ ብቻ፣ ለሁለት ዓመት፣ በ25,000 ብር ተስማማን። ውሉን የሕግ ተማሪ የነበሩት ወንድማችን በውስጥ መልእክት አይተውልኛል፤ የስፖቲፋዩና የጥሪ ማሳመሪያው መብት የእኔ መሆኑ ተጽፏል። ያሰብሁትን 60,000 ብር አላገኘሁም፤ የስቱዲዮ ዕዳዬም አልተዘጋም፤ ይህን ደብቄ ጀግና ልመስላችሁ አልፈልግም።

አራቱን በካናዳ ባለች እኅቴ ካርድ ከፍዬ በራሴ ስም ለቀቅሁ። የይለፍ ቃሉ ሁለታችንም ዘንድ አለ፤ የፖቶማክ ማዶውን ምክር ወስደን በወረቀት ተፈራርመናል፤ እኅቴ ግን እስከ ዛሬ ትቀልድብኛለች። ለግጥም ጸሐፊዬ 15 በመቶ መድቤያለሁ። በመድረክ ስሜ ላይ «ዘማራኪ» የሚል ጨምሬ ከዘማሪው ተለይቻለሁ።

እስከ ትናንት አራቱ ዘፈኖች በድምሩ ከ3,000 ጥቂት አልፈው ተደምጠዋል፤ አንዱ ብቻ ነው 1,000ን የተሻገረው። በገንዘብ ሲታይ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ነገር ግን ገጹ አድማጮቼ ያሉባቸውን ከተሞች ያሳየኛል፤ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ያለችው ዳላስ ናት፤ እዚያ ዘመድም ወዳጅም የለኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከዚያው ከዳላስ አንድ ሰው ደውሎ፣ በሚያዝያ ወንድሙን ጎንደር ላይ እንደሚድር ነገረኝና ከዚያ በፊት ከማንም ተቀብዬ የማላውቀውን ያህል ቀብድ በእኅቴ በኩል ላከ። ይህን የስትሪሚንግ ገቢ ልበለው ወይስ የሰርግ ገቢ፣ እናንተ ፍረዱ።


የካሴት_ዘመን | የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ 25,000 ብር ይዘህ ዘፈንህንም ይዘህ መውጣትህ ደስ አሰኝቶኛል። የሰርግ ገቢ በለው፤ እኛም ካሴት የምንሸጠው ዘፋኙ ለሰርግ እንዲጠራ ነበር፤ ብቻ ማን ከየት እንደሰማው የሚነግረን አልነበረም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አራቱን ዘፈኖች በፍላሽ አምጣልኝ፤ በአንተ ፈቃድ ለሾፌሮቹ ልጭንላቸው። ከየፍላሹ የተወሰነ ብር ላንተ እየለየሁ በደብተር እጽፋለሁ። መሰንቆው መግቢያው ሳይቆረጥ ይሁን።


መሰንቆ_ከማራኪ | የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሺ ጋሼ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሱቅዎ እመጣለሁ፤ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ስሜ የሚጠራበትን አዲሱን ቅጂ ይዤ።